የሁለቱ ማኅበራት የጋራ ፕሮፖዛል፦ በረቂቅ አንድ ላይ ያላችሁን እዚህ ጻፉ

ጸሐፊ፦ ረቂቅ አንድ ተለጥፏል። እንደተለመደው በስማችሁ ፋንታ የምትኖሩበትን ቦታ ጻፉ። ስብሰባ ላይ የተባለውን አልደግምም። ሥራው ያው ነው፤ ከውስጥ የሚመነጭ ልማትን (የአካባቢው ሰው በራሱ ሀብትና በራሱ ውሳኔ የሚያመጣውን) ጃፓኖች እንዴት እንዳሰቡት፣ ምዕራባውያን እንዴት እንዳሰቡት ጎን ለጎን የሚያሳይ አነስተኛ የአማርኛ መጽሐፍ፣ ለተማሪና ለወረዳ ባለሙያ። ገንዘብ ሰጪው ከሁለት ገጽ በላይ አያነብም። በጀቱ ለጃፓኑና ለአውሮፓው ማኅበር እኩል ይካፈላል። እስከ ዓርብ ማታ ጨርሱ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው፤ የአምናውን ጭቅጭቅ እንዳትጀምሩብኝ።

ኡፕሳላ፦ እኩል ያለው ማነው? የአውሮፓው ማኅበር ሁለት ጸሐፊ ስለሚያቀርብ 60 ለ 40 ተባብለን ነው የተለያየነው። ሌላው፣ "ሐሳቡ በጃፓን ተወልዶ ለዓለም ተረፈ" የሚለው ዓረፍተ ነገር ይውጣ። ማን እንደጻፈው አውቃለሁ። የዳግ ሐማርሾልድ ፋውንዴሽን በ1975 ለተባበሩት መንግሥታት ሰባተኛ ልዩ ጉባኤ ባዘጋጀው ሪፖርት፣ ልማት ከሰው መሠረታዊ ፍላጎት ይነሳ፣ ከውስጥ ይመንጭ፣ በራሱ ይቁም፣ ከተፈጥሮ ጋር አይጣላ ብሎ ቁልጭ አድርጎ አስቀምጦታል። ቢሮው እዚሁ ስዊድን፣ ኡፕሳላ፣ ከቤቴ በእግር የሚደረስ ነው።

ኪዮቶ፦ ጋሼ፣ ቢሮው ለቤትዎ መቅረቡም ማስረጃ ሆነ? ጃፓናዊቷ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ትሱሩሚ ካዙኮም ይህንኑ ሐሳብ ይዛ የተነሳችው በዚያው በ70ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ከስዊድን አልተዋሰችም። የቀደመ ይፈለግ ከተባለማ ደራሲው ናትሱሜ ሶሴኪ አለ። በ1911 ዋካያማ ላይ ባደረገው ንግግር የምዕራቡ ሥልጣኔ ከውስጥ የፈካ፣ የጃፓን ግን በውጭ ግፊት የመጣ ነው ብሏል።

ኡፕሳላ፦ እኔን ነዋ የደገፈው። የምዕራቡ ከውስጥ ነው አለ።

ኪዮቶ፦ የተናገረው ለገዛ አገሩ ተቆርቁሮ ነው፣ ለእናንተ ምስክር ሊሆን አይደለም።

ጸሐፊ፦ ዓረፍተ ነገሩ ወጣ። በጀቱን ገንዘብ ያዥ ይመልስ።

ገንዘብ ያዥ፦ ቃለ ጉባኤው ላይ እኩልም፣ 60 ለ 40ም የሚል የለም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ገጽ አንድ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ "ሃዋይ" ይላል። ገንዘብ እየለመንን ሃዋይ ምን ይሠራል? አምና በጉዞ ወጪ የተነሳ ምን ዓይነት ደብዳቤ እንደደረሰን ረሳችሁት?

ኦይታ፦ እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ አይወጣም። ኦያማ ማለት እዚህ ኦይታ ግዛት ውስጥ ተራራ ላይ የተንጠለጠለ መንደር ነው፤ ሜዳ የሚባል ነገር የለውም። መንግሥት ሩዝ አምርቱ እያለ ሲገፋ እነሱ በ1961 አንፈልግም አሉ። የመንደሩ አስተዳዳሪ ያሃታ ሃሩሚ የገበሬ ማኅበሩንም ይመራ ነበርና ሩዙን ትታችሁ ኡሜና ኩሪ ትከሉ አለ፤ ኡሜ ፕሪም ነው፣ ኩሪ ቼስትነት የሚባለው የዛፍ ፍሬ። መፈክራቸው "ኡሜና ኩሪ ተክለን ሃዋይ እንሂድ" ነበር። ሩዝ እርሻ ውኃ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ መዋል ነው። ፍራፍሬ ግን ትንሽ መሬት ይበቃዋል፣ ሥራውም ይቀላል፣ ዋጋውም የተሻለ ነው። ወጣቱ ወደ ከተማ እንዳይኮበልል የታሰበ ነው። በኋላም እውነትም ሃዋይ ሄዱ። ከዚህ የተሻለ መክፈቻ ያለው ያምጣ።

ገንዘብ ያዥ፦ ታሪኩ ጥሩ ነው። ገንዘብ ሰጪው ግን ታሪኩን ሳይሆን ቃሉን ነው የሚያየው።

ቦሎኛ፦ እኔም ሃዋይ ይውጣ ባይ ነኝ፣ ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። ከውስጥ ስለሚመነጭ ልማት የሚያወራ ጽሑፍ ወደ ውጭ በመሄድ ምኞት ይጀምራል? አንባቢ ገና ከበሩ ይስቅብናል።

ኦይታ፦ ይሳቅ! ቁም ነገሩ እሱ ነው። ከውስጥ ማለት በር ዘግቶ መቀመጥ ማለት አይደለም። ኦያማዎች ልጆቻቸውን እስራኤል ኪቡትዝ (የጋራ እርሻ መንደር) ድረስ ልከው አሠልጥነዋል። ጎረቤታቸው ዩፉኢንን ተመልከት። በ1971 ሦስት ወጣት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶች ጀርመን ሄደው ባደንዋይለር የምትባለውን የፍል ውኃ ከተማ አይተው መጡ። እዚያ ያገኙት ምክር ጸጥታችሁን፣ አረንጓዴያችሁንና ክፍት ቦታችሁን ጠብቁ የሚል ነበር። ተመልሰው ፍል ውኃ መንደራቸውን ትልልቅ ሆቴል ከሚያግተለትል ልማት አዳኑት። ዛሬ ጃፓን ውስጥ ከውስጥ ለመነጨ ልማት ምሳሌ ጥሩ ሲባል ዩፉኢን ይጠራል፤ ዘሩ ግን የጀርመን ነው።

ኡፕሳላ፦ እንግዲህ ዩፉኢንም የአውሮፓ ነው። 60 ለ 40 ያልኩት ለዚሁ ነበር።

ትሱኩባ፦ 😂 ጋሼ ጃፓንን በሙሉ ጠቅልለው ሊወስዱት ነው።

ኪዮቶ፦ ኦይታ፣ ምሳሌህ ሁሉ የሆቴልና የጃም ነው። የዓሣ አጥማጆች ከተማ ስለነበረችው ሚናማታ አንድ መስመር እንኳ የለም። ትሱሩሚ እኮ ፕሪንስተን ሄዳ የዘመናዊነትን ንድፈ ሐሳብ ተምራ በ1966 ዶክትሬቷን የያዘች ሴት ናት። ሁሉም አገር እንግሊዝና አሜሪካ በሄዱበት መንገድ ያልፋል የሚለውን ከምንጩ ጠጥታዋለች። በ1976 ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ሚናማታ ገባች። እዚያ ያለው የኬሚካል ፋብሪካ ሜርኩሪ ባሕር ውስጥ ደፍቶ፣ ዓሣ የበላው ሰው በሽተኛ ሆኖ፣ በሽታው በይፋ ከታወቀ ከ1956 ጀምሮ 20 ዓመት ሞልቶት ነበር። ዕድገት ተብሎ የተማረችው ነገር እዚያ ባሕር ዳርቻ ላይ ምን እንዳደረገ አየች። ለዚህ ነው የእሷ ሐሳብ ከኢኮኖሚ የማይጀምረው። የሚጀምረው ከቦታው ነው፤ ከሰዉ፣ ከባሕሩና ከወረሱት ልማድ። መንገዱ ብዙ ነው፣ እያንዳንዱ አካባቢ የራሱን ውርስ እየለወጠም እያደሰም ያገኘዋል ባይ ናት። ይህ ሳይገባ ማወዳደር አይቻልም።

ኪዮቶ፦ ረስቼው፣ ሚናካታ ኩማጉሱም ይግባ። የሜጂ ዘመን የጃፓን መንግሥት ትንንሽ የሺንቶ (የጃፓን ነባር ሃይማኖት) ቤተ መቅደሶችን ጨፍልቆ አንድ ሲያደርግ በዙሪያቸው የነበረው ጥንታዊ ደን ይጨፈጨፍ ነበር። ሚናካታ ዋካያማ ተቀምጦ ይህን የታገለ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነው። ትሱሩሚ የሐሳቧ ሥር አድርጋ የያዘችው እሱንና የሕዝብ ባህል ተመራማሪውን ያናጊታ ኩኒዮን ነው። ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለ ደን ምን ማለት እንደሆነ ለኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

ጸሐፊ፦ ግሩም ነው፣ ግን ሁለት ገጽ ብቻ ነው ያለን። ሃዋይ ላይ ድምፅ እንስጥ?

ገንዘብ ያዥ፦ ይውጣ።

ቦሎኛ፦ ይውጣ።

ትሱኩባ፦ ይቆይ። እኔም ሃዋይ መሄድ እፈልጋለሁ።

ኦይታ፦ ድምፅ የሚሰጥበት ጉዳይ አይደለም። የገበሬ መፈክር በኮሚቴ አይታረምም።

ኒውካስል፦ አሁን ገና ነው ያየሁት። የምዕራቡ ክፍል በ1975 ላይ ቆሟል፣ ይሄ ጉድለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሊደር ፕሮግራም ከ1991 ጀምሮ ለገጠር ገንዘብ ሲሰጥ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ነጋዴው፣ ማኅበሩ በአንድ ላይ ተቀምጠው የአካባቢያቸውን ዕቅድ ራሳቸው እንዲያወጡ ያደርጋል። ከዚያ ተነስተው እዚህ ኒውካስል ያሉ ሰዎች ንጹሕ ከውስጥ የሚባል ነገር የለም፣ ውስጡና ውጩ የሚገናኙበትን መረብ ነው ማጥናት ያለብን አሉ። ኦይታ ስለ ዩፉኢን ያለውም ከዚህ ጋር ይገጥማል። ይሄን ክፍል እኔ እጽፋለሁ። ሐሙስ ይደርሳችኋል።

ጸሐፊ፦ እግዜር ይስጥህ። መዝግቤያለሁ፣ ሐሙስ።

ቦሎኛ፦ ጣሊያንስ? ረቂቁ ውስጥ አንዲት ቃል የለም። በ70ዎቹ ትልልቆቹ የሰሜን ፋብሪካዎች ሲንገዳገዱ መካከለኛውና ሰሜን ምሥራቁ ጣሊያን በትንንሽ የቤተሰብ ድርጅት ቆመ። የማኅበረሰብ ጥናት ምሁሩ ባኛስኮ "ሦስተኛዋ ጣሊያን" ያለው ይህንን ነው፤ ኢኮኖሚስቱ ቤካቲኒ ደግሞ የእንግሊዛዊውን ኢኮኖሚስት የአልፍሬድ ማርሻልን አሮጌ ሐሳብ፣ በአንድ ሙያ ያሉ ትንንሽ ድርጅቶች አንድ አካባቢ ሲሰባሰቡ ይበረታሉ የሚለውን፣ ከመዝገብ አውጥቶ አስረዳው። ሳሱዎሎ ብትሄዱ ከተማው በሙሉ የወለል ሴራሚክ ነው። አንዱ ሸክላውን ይጋግራል፣ ሌላው ቀለሙን ይቀምማል፣ ሌላው ማሽኑን ይሠራል፣ ጎረቤቱ ይጠግናል። ካርፒ ሹራብ ነው፣ ፕራቶ ጨርቅ። መፈክር የለ፣ ሃዋይ የለ። ጃፓኖቹ ራሳቸው ይሄን ሊያጠኑ እየመጡ ቦሎኛን ከጃፓኗ ከተማ ከካናዛዋ ጋር አወዳድረዋል፤ እኛ እንረሳዋለን።

ትሱኩባ፦ አሁን ገና ወደ ነገሩ ገባን። እኔ እንደሚገባኝ "ምዕራብ" ብለን አንድ ላይ ያጨቅነው ሦስት የተለያየ ነገር ነው። የጋሼ ሪፖርት የሚያወራው ስለ አገሮች ነው፤ ድሃው አገር ከሀብታሙ ጥገኝነት እንዴት ይላቀቅ ነው ጥያቄው። የቦሎኛ ስለ ድርጅቶች ነው። የኒውካስል ስለ ፕሮግራምና በጀት። ጃፓኑም አንድ አይደለም። ትሱሩሚ ስለ ሰውና ስለ እንቅስቃሴ ስትጽፍ ኢኮኖሚስቱ ሚያሞቶ ኬኒቺ ሒሳብ ይዞ መጣ። ዮካይቺ የምትባል ከተማ ላይ የነዳጅ ኬሚካል ፋብሪካ ተተከለ፤ ትርፉ ቶኪዮ ዋና መሥሪያ ቤት ገባ፣ አስሙ ዮካይቺ ቀረ። ስለዚህ እሱ የሚለው በአካባቢው ሙያና ሀብት ተነሱ፣ አንዱን ሥራ ከሌላው ጋር አያይዙና ገንዘቡ እዚያው ይዙር፣ አካባቢውን አትበክሉ፣ ነዋሪው ይወስን ነው። ለወረዳ ባለሙያ ከትሱሩሚ ይልቅ ይሄ ነው የሚጠቅመው። መጽሐፉን በአገር ከፋፍለን ከምንጽፈው "ማን ነው የሚወስነው?" እና "ገንዘቡ የት ያድራል?" በሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ብናደራጀውስ?

ጸሐፊ፦ ወድጄዋለሁ። ሌሎቻችሁስ?

ገንዘብ ያዥ፦ እኔም። ሃዋይስ?

ኦይታ፦ ወንድሜ፣ አንተ ከሃዋይ ሌላ የምታነበው የለም?

ገንዘብ ያዥ፦ ኦዲት የሚደረገው አንተ አይደለህማ። ስሜ ነው እዚያ ወረቀት ላይ ያለው። ሃዋይ እስካለ ድረስ አልፈርምም።

ኡፕሳላ፦ ከተነሳ አይቀር፣ መንደሩን የሚያወድስ ጽሑፍ ብቻ ይዘን ገንዘብ እንጠይቃለን ወይ? የኦይታው ገዥ ሂራማትሱ ሞሪሂኮ እኮ ከንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር የመጣ ባለሥልጣን ነው። "አንድ መንደር አንድ ምርት" ብሎ በ1979 ሲያውጅ በዚያው ግዛት የብረት ፋብሪካውና የነዳጅ ኬሚካሉ ጭስ ያወጣ ነበር። የመንደር ጃም የፋብሪካ መሸፈኛ ነው ቢባልስ?

ኦይታ፦ ይሄ ስድብ ነው። ሂራማትሱ ለመንደሮቹ ገንዘብ አልበተነም። ለምርቱ የሚሆን ምክር፣ ሥልጠናና ገበያ ነው ያቀረበው። ገንዘብ የበተነው ቶኪዮ ነው፤ በ80ዎቹ መጨረሻ ለየማዘጋጃ ቤቱ 100 ሚሊዮን የን ሲያድል አዋጂ ደሴት ላይ ያለ አንድ ከተማ ጥፍጥፍ ወርቅ አምጥቶ ለጎብኚ አሳየበት። ልዩነቱ አይታያችሁም?

ኪዮቶ፦ ልዩነቱ ይታየኛል፣ ግን ጋሼም ያሉት ነገር አላቸው። ኦያማ ከገዥው በ18 ዓመት ይቀድማል። ገዥው አይቶ፣ ወዶ፣ ለግዛቱ ሁሉ አደረገው። ትሱሩሚ እኮ ይህችን ነው የለየቻት፤ እንቅስቃሴ ሆኖ የሚነሳ አለ፣ ፖሊሲ ሆኖ የሚወርድ አለ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሊረዳውም ሊውጠውም ይችላል። አንተ ረቂቁ ላይ ሁለቱን አንድ አድርገህ ነው የጻፍከው።

ኦይታ፦ እንግዲያው አንቺው ጻፊው። እኔ ወጥቻለሁ። ስሜንም አንሱት።

ኡፕሳላ፦ እኔም መቶኛው ካልተስተካከለ ስሜን አንሱት።

ትሱኩባ፦ ሁለት ሰው ከወጣ በጀቱ ተቃለለ። 😅

ጸሐፊ፦ ትሱኩባ፣ እባክህ። ኦይታ፣ ነገ እንነጋገር። ጋሼ፣ እደውልልዎታለሁ።

ጸሐፊ፦ ረቂቅ ሁለት ተለጥፏል። ከጋሼ ጋር ተነጋግረናል፤ 55 ለ 45 ተስማምተዋል። ሃዋይን ከገጽ አንድ ወደ ገጽ ሁለት አወረድኩት።

ገንዘብ ያዥ፦ ገጽ ሁለትም ገጽ ነው።

ኦይታ፦ ተመልሻለሁ። የተመለስኩት ኪዮቶ የጻፈችውን ደግሜ ስላነበብኩ ነው፣ ስለ ሌላ አይደለም። የአንቀጹን መፈክር በሥዕል እንተካው፤ ቃሉ አይኖርም፣ የኡሜ ማሳ ፎቶ ሽፋን ላይ ይሁን። እንዲህ ከሆነ ትፈርማለህ?

ገንዘብ ያዥ፦ ፎቶው ላይ ሃዋይ ከሌለ እፈርማለሁ።

ቦሎኛ፦ ሽፋኑ ኡሜ ከሆነ የሳሱዎሎ ሴራሚክስ የት ሊገባ ነው? እኩል የሚለው ሽፋንን አይጨምርም?

ኪዮቶ፦ ሚናማታስ? ኡሜ ብቻ ሽፋን ላይ ሲወጣ የቱሪዝም በራሪ ወረቀት ይመስላል ብዬ ነበር ከመጀመሪያው።

ትሱኩባ፦ ግማሹ ኡሜ፣ ግማሹ ሸክላ ይሁን። ባሕሩን ከኋላ።

ቦሎኛ፦ የማን ፎቶ ነው? ከኢንተርኔት ከተወሰደ የባለቤትነት ጉዳይ አለ። ሰው ሄዶ ማንሳት አለበት።

ኦይታ፦ እኔ ልሄድ እችላለሁ። የካቲት መጨረሻ አካባቢ ያብባል፣ የሚያምረው ያኔ ነው። ኦያማ አሁን በራሱ አይደለም፣ በ2005 ከሂታ ከተማ ጋር ተዋህዷል። ዩፉኢንም በዚያው ዓመት ነው የተዋሃደው። ነዋሪው ይወስን ያልነው መንደር ዛሬ ምን የሚወስነው እንደቀረ ሄዶ መጠየቅ ነው። ከ1999 እስከ 2010 የጃፓን ማዘጋጃ ቤቶች ከ3,232 ወደ 1,727 ወርደዋል። ይሄ ለመጽሐፉ ከፎቶውም ይበልጣል።

ኡፕሳላ፦ ጉዞ ካለ የአውሮፓው ማኅበርም ሰው ይልካል።

ቦሎኛ፦ እኔ ዝግጁ ነኝ። በምላሹም እናንተ ወደ ሳሱዎሎ ትመጣላችሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ሃዋይ የሚለው ቃል ወጥቶ ጉዞው ራሱ ገባ ማለት ነው? 😐 ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። ሁለቱም ጉዞ ከገባ ለኅትመት የሚተርፍ የለም። አንዱ ከገባ መጽሐፉ ወደ በራሪ ወረቀት ይወርዳል።

ኪዮቶ፦ ሥራው መጽሐፍ ነበር እኮ!

ትሱኩባ፦ ሁለቱ ጥያቄዎቼስ የት ገቡ?

ጸሐፊ፦ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ አሉ፣ አሳጥሬያቸዋለሁ። ኒውካስል፣ ሐሙስ አልፏል።

ጸሐፊ፦ ኒውካስል?

ቦሎኛ፦ በግል ጽፌለት ነበር፣ አይቶታል፣ አልመለሰም። ባለፈው ጋዜጣ ጊዜም እንዲሁ ነው ያደረገው።

ጸሐፊ፦ ያለ እሱ እንሂድ። የሊደሩ ክፍል በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቀመጣል። ጋሼ፣ የሊደሩን ዓረፍተ ነገር እርስዎ ቢያዩት?

ኡፕሳላ፦ የኔ ሙያ አይደለም። ሪፖርቱን ግን ሙሉ አንቀጽ አድርጌ ልኬልሻለሁ።

ጸሐፊ፦ ደርሶኛል። አንድ ገጽ ነው የሚሆነው ጋሼ፣ ሦስት መስመር አድርጌዋለሁ። ገንዘብ ሰጪው ዛሬ ለጠየቅኩት መልስ ሰጥቷል። ኅትመት አይደግፍም፤ "የማኅበረሰብ ዝግጅት" ይደግፋል። ስለዚህ ከመጽሐፍ ወደ ዝግጅት እንቀይረው? አንድ ቀን፣ ስቶክሆልምና ቶኪዮ በኢንተርኔት ተያይዘው፣ ፎቶ ትርኢት፣ አጭር ንግግር፣ ከኦያማ የመጣ ኡሜቦሺ (በጨው የደረቀ ኡሜ) ቅምሻ።

ኦይታ፦ ቅምሻው ጥሩ ነው። ኡሜቦሺ ግን ጨውና ኮምጣጣ ነው፣ ያልለመደ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። የፕሪም ጃምም ይጨመር።

ቦሎኛ፦ ከኔ በኩል ፓርሚጃኖ። ሳሱዎሎም ያለችው እዚሁ ኤሚሊያ ውስጥ በሞዴና ግዛት ነው፣ አይብ እዚያ ሞልቷል።

ገንዘብ ያዥ፦ አይብና ጃም ጉምሩክ ላይ ቢያዝ ወጪው በማን ነው? ይህን ከመፈረሜ በፊት በጽሑፍ እፈልጋለሁ።

ኪዮቶ፦ ሚናማታን በቅምሻ እንዴት ልታሳዩ ነው? እዚያ ነገሩ ሁሉ የተነሳው ሰው በበላው ዓሣ ነው።

ጸሐፊ፦ ለንግግሩ 20 ደቂቃ ይዤልሻለሁ።

ኪዮቶ፦ ትሱሩሚ፣ ሚናካታ፣ ሚያሞቶና ሚናማታ በ20 ደቂቃ?

ትሱኩባ፦ ከሚያሞቶ 5 ደቂቃ ለኔ ስጪኝ፣ በፍጥነት እናገራለሁ።

ኪዮቶ፦ 30 ይሁን፣ አለዚያ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ጸሐፊ፦ 25። ረቂቅ ሦስት ተልኳል፣ የመጨረሻ ነው። ርዕሱ "ከመንደር እስከ ገበያ፦ የኦይታና የኤሚሊያ ምርቶች ቀን" ሆኗል። ማወዳደሩ አባሪ ውስጥ ገብቷል፤ አባሪ ከሁለቱ ገጽ አይቆጠርም።

ኡፕሳላ፦ ርዕሱ ላይ ኡፕሳላ የለም።

ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ ኡፕሳላ የሚቀመስ ምን አላት?

ገንዘብ ያዥ፦ ፈርሜ ልኬዋለሁ። የዓመት መዋጮ ያልከፈላችሁ ስማችሁ ከዝግጅቱ አስተባባሪ ዝርዝር ይወጣል፤ ኦይታና ቦሎኛ እናንተን ነው።

ቦሎኛ፦ እኔ መጋቢት ላይ ከፍያለሁ፣ ደረሰኝ አለኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ የአምናው መጋቢት ነው እሱ።